በሦስት ጎን የተቀመቀመ ጨርቅ

የጦር አውሮፕላን በሚጠገንበት ግቢ ጨርቅ ሳጥብ ሃያ ዓመቴ ነው። ክንፉ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ቋት ከፍተው የሚገቡ መካኒኮች አሥራ ሁለት የመጥረጊያ ጨርቅ ከእኔ ቆጥረው ይወስዳሉ፣ አሥራ ሁለት ቆጥረው ይመልሳሉ። ካልሞላ ቋቱ አይከደንም፤ ሕግ ነው። ክሩ እንዳይመዘዝ የጨርቁን አራቱንም ጎን በቀይ ክር የምቀመቅመው እኔ ነኝ። ብዙ አልተማርኩም፤ ስፌቴን ግን በዳሰሳ አውቀዋለሁ።

ያን ቀን ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ጨርቁን በባልዲ አመጣልኝ። እሱም የቋት መካኒክ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

«አሥራ ሁለት! ፈርሚልኝ እህት ዓለም፤ አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል።»

«ምን ያጣድፍሃል? ሙሽራ እየጠበቀችህ ነው?»

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ። ዓይኑን ግን ከባልዲው አላነሳም።

ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። ፈረምኩለት፣ ሄደ።

ልነክረው ሳነሳ አንዱ እጄ ላይ አነሰብኝ። ዘረጋሁት። ሦስት ጎኑ ተቀምቅሟል፤ አራተኛው የተቀደደ ነው። ሌላም እንደዚያው አገኘሁ። ሁለቱን ብገጥማቸው አንድ ሙሉ ጨርቅ ወጣቸው!

ቁጥሩ እንዲሞላ አንዱን ለሁለት ቀደውታል። የጎደለው ቋቱ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ቁራጮቹን ይዤ ሮጥኩ። አብራሪው መሰላሉ ላይ ደርሷል፤ ሁልጊዜ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ሳይለኝ የማያልፍ ለጋ ልጅ ነው።

«ሻለቃ፣ ይሄ አውሮፕላን አይነሳም!» አልኩት ተቆጣጣሪውን።

«እትዬ፣ ወረቀቱ አልቋል። የፈረሙትም እርስዎ ነዎት።»

«ፈርሜማ ነው የምጮኸው! ጨርቅ ቀርቶበታል፤ ቋቱን ክፈቱልኝ።»

«ለአንድ ጨርቅ?»

መሰላሉ ሥር ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። «እኔ ሳልነሳ እሱ አይነሳም።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ሻለቃው ቁራጮቹን ከእጄ ተቀብሎ ገጠማቸው። ሳቁ ቀጥ አለ።

ነዳጁን አውጥተው ቋቱን እስኪከፍቱ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ጨርቁ የፓምፑ አፍ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በአራቱም ጎን ቀይ ክሬ አለበት።

«ፓምፑ ቢስበው ሞተሩ ሰማይ ላይ ይጠፋ ነበር» አለ ሻለቃው። አብራሪው እዚያው መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ።

እኔ ከመካኒኮቹ ጋር የቆመውን ወንድሜን ነበር የማየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ሌላ ሰው አታልሎት ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር።

«ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት» አለኝ በሹክሹክታ። «ውጭ የወደቀ መሰለኝ።»

«መስሎህ ቀደድከው?»

«ማነው የቀደደው?» አለ ሻለቃው፣ ወደ እኔ እያየ። ወንድሜም አየኝ። ልጅ እያለ ትኩሳት ሲይዘው እንደዚያ ነበር የሚያየኝ።

«ወንድሜ ነው» አልኩ። «እኔም ሳልዘረጋ ፈርሜያለሁ።» ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ይዘውት ሄዱ። ዞር ብሎም አላየኝ።

ሻለቃው ነዳጅ የሚያንጠባጥበውን ጨርቅ ሰጠኝና ወረቀቱን አቀረበልኝ። «አሁን ሞልቷል እትዬ። ይፈርሙ።»

ብዕሩን ያዝኩ። መልሼ አስቀመጥኩትና ጨርቁን ዘርግቼ አራቱንም ጎን ዳሰስኩ።