የአባት መብት በአራተኛ ክፍል

«አባት ልጁን የማሳደግ መብት አለው። ድገሙ!»

«አባት ልጁን የማሳደግ መብት አለው!» አሉ የአራተኛ ክፍል ልጆች፤ ስልሳ አንድ አፍ በአንድ ድምፅ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪንቀጠቀጥ።

መምህር ጥሩነህ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ተመለከተ። ሃይማኖት እንደ ጓደኞቿ አፏን ከፍታ ደግማለች። ልጁ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከፍቺው ወዲህ ግን ልጁ የምትሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። በሌላው ቀን እንደ ማንኛዋም ተማሪ «ቲቸር» ትለዋለች።

ይህን የወንዶች መብት የሚባለውን ነገር ያገኘው ከስልኩ ነው። ሚስቱ አስካለ ልጅቱን ይዛ ከወጣች በኋላ፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሰሞን፣ በየአገሩ ልጆቻቸውን የተነጠቁ አባቶች ተሰብስበው ሲጮኹ አየ። አልቅሶም ነበር፤ ብቻውን አለመሆኑ አስለቀሰው። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ «ሴቶቹ ክበብ አላቸው፤ የወንዶቹስ የታል?» አለው። ርዕሰ መምህሩ ክርክር የማይወድ ሰው ነበርና ፈቀደ። ክበቡ በሁለተኛው ወር ከክበብነት አልፎ ክፍል ገባ፤ ሴቶቹም አብረው ይደግሙ ጀመር።

እዮብ የሚባል ቀጫጫ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኔም ወንድ ነኝ። እንግዲያማ ለእማዬ ውኃ አልቀዳም ብል መብቴ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥሩነህ አልሳቀም። «እሱ ሌላ ነው» አለ፤ እንዴት ሌላ እንደሆነ ግን አላስረዳም። ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ላይ ከሃይማኖት ጋር ፍርድ ቤት መድረስ አለበት።

አስካለ ነርስ ናት፤ ወደ ባሕር ዳር ዝውውር ደርሷታል። ልጄን ይዤ ልሂድ ብላለች። እሱ ደግሞ ከእኔ ጋር እዚሁ ንፋስ መውጫ ትቅር ብሎ ተከራክሯል። ከሄደች ቅዳሜም አትኖርም። ጥሩነህ ይህን ባሰበ ቁጥር የቀረበለትን እንጀራ ትቶ ይነሣል።

ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። «ዳኛዋ ብትጠይቅሽ» አላት፣ «ያው የተማርነውን ነው።»

«እሺ።»

ሌላም ሊላት ፈልጎ ነበር። አትሂጂብኝ ሊላት፣ ቤቱ ያላንቺ አስጠላኝ ሊላት። ይልቅ ለባጃጁ የሚከፍለውን ሳንቲም ቆጠረ። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገብስ ሲያጭዱ ኖረው እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን ናፈቅኸኝ ብለውት አያውቁም። እንዴት እንደሚባል ከየት ይማረው? መብት ማለት ይቀላል።

ዳኛዋ ልጅቱን ለብቻዋ ቢሮ አስገባቻት። ጥሩነህና አስካለ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፉን ያዙ።

«በእንቅልፏ ትጠራሃለች» አለች አስካለ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ሰምቼ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።»

ወዲያው ተጠሩ።

«ከአባትሽ ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት» አለች ዳኛዋ። «አባት ልጁን የማሳደግ መብት አለው አለችኝ። እሱስ ይሁን፣ አንቺ ምን ትወጃለሽ ስላት ያንኑ ደገመችልኝ። ሦስት ጊዜ።» መነጽሯን አወለቀች። «መምህር፣ ይህችን ልጅ አስጠንተው ነው ያመጧት። እኔ የፈለግሁት የልቧን ነበር።»

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትሂድ፤ አባት በክረምትና በበዓል ይያት ተባለ። ጥሩነህ ተነሣ። እወዳታለሁ ሊል ነበር የተነሣው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ በፍርድ ቤት። አፉ ግን የለመደውን አወጣ።

«መብቴ...» አለና ቆመ። ዳኛዋ ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ መዝገቡን ዘጋች።

ግቢው ውስጥ ከግንቡ ጥግ ቆሞ አስካለ ልጅቱን ይዛ ስትወጣ አየ። ሃይማኖት የእናቷን እጅ ለቃ ወደ እሱ ሮጠች። ፊቷ በርቷል።

«አባዬ፣ ሁሉንም መለስኩ! አንድም ቃል አልሳትኩም። ስንት አገኘሁ?»

ጥሩነህ አያት። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በአሥራ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኑ ስንት ሺህ ወረቀት አርሟል፤ ውጤት መስጠት እንዲህ ከብዶት አያውቅም።

«አስር» አላት።

«ከአስር?»

«ከአስር።»

በደስታ ዘለለችና ለእናቷ ልትነግር ሮጠች።