ከወንበሩ ሥር

መካኒኩ ጋሽ ሣህሉ በውሃ የተነከረ ጨርቅ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ጠቅጥቀው ያዙና በሌላ እጃቸው ዝም እንድትል ምልክት ሰጧት። ፀሐይወርቅ ጆሮዋን አዘነበለች። ሞተሩ እንደታፈነ ሰው ተንገራገረ። ወዲያው ከአሮጌዋ ሰማያዊ ዲኤክስ ቶዮታ ሆድ፣ ከሹፌሩ ወንበር በታች፣ ስስስ የሚል ድምፅ ወጣ።

"ሰሙት?" አሉ።

"ሰማሁ።"

"ድምፅ ማፈኛው፣ ማርሚታው፣ ደህና ነው። ከፊቱ ያለው ቧንቧ ነው የሚተነፍሰው።" ሞተሩን አጥፍተው መኪናዋን በክሪክ አነሱ፤ ጉማጅ እንጨት አስደገፉና ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ገቡ።

ወደዚህ ጋራዥ ያመጣት ዛሬ ጠዋት የተጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጇን ጸሎትን ማመም ከጀመራት ሁለት ወር አልፏል። ጠዋት ጠዋት እናቷ በመኪና ትምህርት ቤት ስታደርሳት ራሷን ይፈልጣታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ክሊኒክ ደሟን መርምረው ምንም አላገኙም። አማቷ እማማ እናትዓለም ግን ምርመራ አላስፈለጋቸውም። "አባቷ ነው የሚጠራት" አሉ፤ ከሰባት ወር በፊት በሦስት ቀን ሕመም ያረፈውን ልጃቸውን አስናቀን ማለታቸው ነው። ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ሲዘጋ ዘጌ ወርዳ ሰባት ቀን እንድትጠመቅ ወሰኑ። ፀሐይወርቅ አልተከራከረችም። አስናቀ ከተቀበረ ወዲህ ከማንም ጋር ለመከራከር አቅም አጥታለች።

በየማለዳው ከባሕር ዳር ሲነሱ እማማ እናትዓለም ከኋላ ተቀምጠው ልጅቷን በጋቢ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ያስተኟታል። መስኮት ትንሽ እንኳ ዝቅ ካለ ንፋስ ይመታታል ብለው ያስዘጋሉ። የኮረኮንቹን መንገድ አጋምሰው ሳይጨርሱ ልጅቷ ታስመልሳለች። እሳቸውም ግንባራቸውን በነጠላ ጥምጥም አድርገው ያስራሉ። ፀሐይወርቅ አንድ ቀን አሞዎት እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ "ልጄን ቀብሬ ራሴን ባያመኝ ነበር የሚገርመው" ብለዋት ነበር። የእሷንም ራስ ያማት ነበር። ከለቅሶ ነው ብላ ለማንም አልተናገረችም።

በአምስተኛው ቀን ቤንዚን ጠፋና በጀልባ ሄዱ። እማማ እናትዓለም የሐይቁን ንፋስ እየተራገሙ ሲንቀጠቀጡ ጸሎት ከጀልባው ጫፍ ተቀምጣ ቆሎ እየቆረጠመች ታንኳ ትቆጥር ነበር። አላስመለሳትም። ዛሬ ስድስተኛው ቀን ነው፤ ከጎረቤት አምስት ሊትር ተበድረው በመኪና ሄዱ፤ ልጅቷም እንደገና ታመመች።

አጥማቂው መምሬ ወልደ ገብርኤል ፀሐይወርቅን መስቀላቸውን አሳልመው ሲያበቁ፣ ልጅቷ ደህና ሆና በታየችበት በትናንቱ ቀን በምን እንደመጡ ጠየቋት። በጀልባ፣ አለች። ዛሬስ? ከዋርካው ሥር ወደቆመችው መኪና አመለከተች። ቄሱ መኪናዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ጠበሉ ይረዳታል" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ግን መኪናሽን ለሚያውቅ ሰው አሳዪ።"

ያን ጊዜ ነው የገባት። ፀሐይወርቅ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ይህን ለአሥራ ስድስት ዓመት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፋለች። ተማሪዎቿ ምሳሌ ሲያጡ የከሰል ምድጃና የተዘጋ ክፍል ትነግራቸው ነበር። ልጇንና አማቷን እዚያው ትታ አራቱንም መስኮት ከፍታ ብቻዋን ወደ ከተማ ተመለሰች።

አሁን ጋሽ ሣህሉ ከመኪናው ሥር በጥላሸት ጠቁረው ወጡ። በእጃቸው በሽቦ የተጠመጠመና እንደ ወረቀት የተቃጠለ ቆርቆሮ ይዘዋል። በአንዱ ጠርዝ ላይ የላም ሥዕል ግማሹ ቀርቷል።

"የወተት ጣሳ" አሉ። "ይህን ያሰረው ማን ነው?"

ሽቦውን አየችው። ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ የልጅ እጅ እንዳይቧጭር። የግቢያቸው በርም እንዲሁ ነው የታሰረው።

"አስናቀ ነው።"

"መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ የጭስ ቧንቧ ላይ ሲደርስ የወተት ነጋዴ ሆነ።" አሉና ወዲያው ደነገጡ። ከአስናቀ ጋር ሃያ ዓመት ተቀላልደዋል፤ አፋቸው ለምዶ ነው። "ይቅርታ ቲቸር። አይቀየሙኝ።"

"አልቀየምም። ቢሰማዎት እሱም ይስቅ ነበር።" እሷም ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ሰኔ ላይ ነው ያሰረው። ክረምቱ ሲወጣ አስበይደዋለሁ ብሎ ነግሮኝ ነበር።"

"ኧረ፣ በዚያ ሁሉ መካከል ማን ያስታውሳል? ረሱት።"

"አልረሳሁትም፣ ጋሽ ሣህሉ። የመኪናዋ ድምፅ ሲጎረንንም እሰማ ነበር። የሌላ ሰው እጅ እንዲነካት አልፈለግሁም።"

ሰውዬው ጣሳውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጡት።

ቧንቧውን አውርደው፣ የዛገውን ቆርጠው፣ አዲስ ቁራጭ ቀጠሉበት። የብየዳው ብልጭታ ግድግዳው ላይ ሲዘል ፀሐይወርቅ ፊቷን አዙራ ቆመች። ቧንቧውን መልሰው አስረው እንደገና ጨርቁን ቢጠቀጥቁ ድምፅ የለም። ሂሳብ ልትጠይቅ ቦርሳዋን ስትከፍት በእጃቸው ከለከሏት።

"ገና ነው። ጭሱ ተነፈሰ እንበል፤ እናንተ ዘንድ የገባው ግን በየት ነው?"

የሹፌሩን በር ከፍተው ምንጣፉን መግለጥ ጀመሩ። ምንጣፉ እስከ ወንበሩ ድረስ መጣና ተያዘ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ አስናቀ እግረ ረጅም ነበር። ፀሐይወርቅ ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ከጀርባዋ ሁለት ትራስ እየደረደረች ነው ሰባት ወር የነዳችው። ጋሽ ሣህሉ ትራሶቹን አዩ፤ እሷንም አዩ። ጣታቸውን ከወንበሩ ኋላ ሰደው ዳበሱ፤ ዝገት ይዞ ወጣ።

"ወለሉ ተበልቷል፤ ልክ ከወንበሩ ሐዲድ ሥር። ወንበሩ ወደፊት ይምጣ።" እጃቸውን ወደ ማንሻው ሰደዱ።

"ይቆዩ" አለች።

እጃቸውን መለሱ። ዝገቱን በጨርቅ ጠረጉ።

"ሳልነካው ከታች በኩል ልለጥፍለት እችላለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ግን እንደ ጣሳው ነው የሚሆነው። አንድ ክረምት ይይዛል።"

ስልኳ ጮኸ። የእማማ እናትዓለም ስልክ ነው፤ የምትናገረው ግን ጸሎት ናት። ራሷን እንደማያማት፣ ሁለት ሙዝ እንደበላች፣ ሲመለሱ በጀልባ ቢሆን ደስ እንደሚላት አከታትላ ነገረቻት። አያቷ ስልኩን ተቀበሏት።

"ሰማሽ ድምፅዋን? ስድስተኛው ቀን ሠራ። ለቀቃት፣ ልጄ። አስናቀ ለቀቃት።"

ፀሐይወርቅ ወንበሩን እያየች ነበር። ጨርቁ መሃል ላይ በሰውነቱ ልክ ጎድጉዷል።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ" አለች። "ስመጣ የምነግርዎ ነገር አለ። ስለ መኪናው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"የምን ጥፋት?"

"ስመጣ።"

ስልኩን ዘጋች። ትራሶቹን አንድ በአንድ አውጥታ ከኋላ ወንበር አስቀመጠች። ከዚያ በሩ አጠገብ ተንበርክካ እጇን ከወንበሩ ሥር ሰደደች። ማንሻው ዝጓል፤ በመጀመሪያው አልታዘዛትም። ሁለተኛ ሳበችው፤ በትከሻዋም ገፋች። ወንበሩ ሲጢጥ አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ በሐዲዱ ላይ ተንሸራቶ ወደፊት መጣ። ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ተገለጠ፤ በቀዳዳው ውስጥ የጋራዡ ዘይት የጠጣ መሬት ይታያል።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። የጸሎት ጭንቅላት የሚያርፈው ልክ ከዚያ ኋላ ነበር።

"በጠንካራ ላሜራ ነው የምዘጋው" አሉ ጋሽ ሣህሉ። የባትሪውን ገመድ ፈትተው፣ ባልዲ ውሃ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ የብየዳ መነጽራቸውን አነሱ። ከማጥለቃቸው በፊት ግን ቆም አሉ። "ቲቸር፣ ስጨርስ ወንበሩን ወደ ቦታው ልመልሰው?"

ፀሐይወርቅ ልብሷ ላይ የተጣበቀውን ዝገት አራገፈች።

"አይመልሱት" አለች። "የምነዳው እኔ ነኝ።"