ከእጅጌው ሥር

«አረጋውያኑ እርስ በርስ እንዳይጎዳዱ ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ» አለች አሰልጣኟ። እኛ ተንከባካቢዎቹ በመመገቢያ አዳራሹ ወንበሮች ላይ ተደርድረን ከእንቅልፍ ጋር እየታገልን ነበር። «የጉዳቱን ምልክት የት ትፈልጋላችሁ?»

አንዱ ፊት ላይ አለ፣ ሌላዋ የእጅ አንጓ ላይ። ከአፌ አመለጠኝ፦ «ክንድ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ወደ ብብት ጠጋ ብሎ። እጅጌ ይሸፍነዋል።»

«ጎበዝ! የት ተማርሽው?»

«ቤት» አልኩ። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

እናቴ እዚሁ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ባለው ክፍል ትኖራለች። ዓይኔ ሥር ትሁን ብዬ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እሷ ግን ስሜንም መልኬንም ረስታለች። የአልጋ ጎረቤቷን እትዬ ጭምት እንላቸዋለን፤ ድምፃቸው አይሰማም። ሁለቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲቀመጡ እያየሁ አንጀቴ ይርስ ነበር። በስተርጅና ለሰለሰች ብዬ።

ከስልጠናው ወጥቼ እትዬ ጭምትን ላጥብ ገባሁ። እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። አሮጌው ብልዝ ቢጫ ሆኗል፣ አዲሱ ገና ሰማያዊ ነው። የራሴ ክንድ ጠዘጠዘኝ።

«ማን ነው እትዬ?» አልኩ፣ እያወቅሁት።

«ተይው የኔ ልጅ። እኔን እኮ አይደለም የምትቆነጥጠው። ‹ሚጢጢ፣ ዝም በይ› እያለች ነው። ልጇ እመስላታለሁ።»

ሚጢጢ እኔ ነኝ።

«ደግሞ ለአለቆችሽ እንዳትናገሪ፣ አደራ። ልጇ ብትሰማ ታዝናለች።»

ውሃው እስኪቀዘቅዝ ቆምኩ። ከተናገርኩ እናቴን ለብቻዋ ያደርጓታል፤ ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ግድግዳ እየደበደበች ትጮኻለች። ዝም ካልኩ እኚህ ሴትዮ የእኔን ቁንጥጫ ይዘውልኝ ይሞታሉ። እናቴ አሳዘነችኝ፤ ጠላኋትም። እትዬ ጭምትን አልብሼ በቀጥታ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄድኩና ተናገርኩ።

ማምሻውን እናቴን ምድር ቤት ወዳለው ባለ አንድ አልጋ ክፍል አወረድናት። ሌሎቹ ሲወጡ ግድግዳውን መደብደብ ጀመረች። «ሚጢጢስ? ሚጢጢን የት ወሰዳችሁብኝ?»

በሩን ዘግቼ መውጣት እችል ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እዚህ ነኝ እማዬ።»

ግድግዳውን መደብደቧን ተወች። ክንዴን እቅፍ አድርጋ ያዘች። ጣቶቿ በእጅጌዬ ገብተው ሽቅብ ወጡ፤ ቦታውን ለማግኘት አልተቸገሩም።