ለቁም ሰው የተነፋ ጥሩምባ

1

ጥሩምባ።

2

በጥሩምባ የከፈትኩት እንድትደነግጡልኝ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከጨፌ ወንዝ ነው። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ላይ ጨፌ ነው፤ ሰዉ ደግሞ ታች ጨፌ። በመካከላቸው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል። ድልድይ ይሉታል፤ ሌላ ምን ይበሉት? በበጋ ሕፃን ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ግንዶቹን ይሸፍናቸዋል፤ ያኔ አዋቂም እየዳኸ ነው የሚያልፈው።

እትዬ ውድነሽ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። የታች ጨፌን ግማሽ ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። አምና ነሐሴ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትሻገር አንዱ ተሸካሚ አዳለጠውና ቃሬዛው ወንዝ ገባ። ሴትየዋ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። እትዬ ውድነሽ ልጁን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው ሲመለሱ፣ "ይሄ ድልድይ ካልተሠራ እኔም ሰው አይደለሁ" አሉ። ከዚያም በግል እጩነት ተመዘገቡ። የምርጫ ምልክታቸው ፋኖስ ሆነ።

3

ሁለት ቅስቀሳ።

አቶ ልዑልሰገድ አስመጪና ላኪ ናቸው፤ ምልክታቸው ቁልፍ። ታች ጨፌን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጧት ፎቶ ሊነሱባት ነው። ሞንታርቦ የጫነ አይሱዙ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞርላቸዋል። ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ጃንጥላ ታደለ። ወንዙ ዳር ደግሞ ቤት የሚያክል የብረት ሰሌዳ አቆሙ፤ በተወጠረበት ሸራ ላይ ነጭ የኮንክሪት ድልድይ ተሥሏል፤ ከድልድዩ በላይ አቶ ልዑልሰገድ ይስቃሉ። ድልድይ በሌለበት ቦታ የድልድይ ሥዕል። እትዬ ውድነሽ አንጋጠው አይተውት፣ "ይሄ ብረት ባይቆምና ቢጋደም ኖሮ እኮ ያሻግረን ነበር" አሉ።

የእሳቸው ቅስቀሳ ፎቶ ኮፒ ነበር። ፊታቸው ጠቁሮ ፋኖሱ ብቻ ይታያል። ሙጫ መግዣ ስላልነበረ በሊጥ ለጠፉት። ሊጡን ፍየል በላው፤ ከነወረቀቱ። ስማቸው ውድነሽ ይሁን እንጂ ከእሳቸው የረከሰ ቅስቀሳ በወረዳው አልታየም። ቀሪውን በእግራቸው ሞሉት፤ በየደጁ እየቆሙ፣ በየቤቱ እየገቡ። ደግነቱ ሰዉ በሩን ይከፍትላቸዋል። ችግሩ፣ እሳቸው ማውራት ሲጀምሩ አይሱዙው ይመጣል።

4

ጋሽ ተሰማ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሞት ሲለፍፉ ኖረዋል።

ጋሽ ተሰማ፦ እኔ እያለሁልሽ ሞንታርቦ ምን ያደርግልሻል? የእኔ ጥሩምባ ላይ ጨፌ ተነፍቶ ታች ጨፌ ይሰማል።

እትዬ ውድነሽ፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ የሞት ነው።

ጋሽ ተሰማ፦ ጥሩምባ ምን ያውቃል? የሚናገረው አፍ ነው። አባቴ ተሰማ ያለኝ በከንቱ መሰለሽ?

እትዬ ውድነሽ፦ ሰው ይደነግጥብኛል።

ጋሽ ተሰማ፦ ይደንግጥ! ደንግጦም ቢሆን ይወጣ የለ? ደግሞ በነፃ ነው።

እትዬ ውድነሽ፦ በነፃ?

የረታቻቸው "በነፃ" የምትለዋ ቃል ናት። እጅ ሲያጥር በነፃ የተገኘ ነገር ሁሉ መልካም ይመስላል።

5

ቅዳሜ ማለዳ ጋሽ ተሰማ የለፈፉት፦

"ስማ! ስማ! የእድራችን አባል የሆኑት ወይዘሮ ውድነሽ ተክሌ ለምርጫ ስለቀረቡ፣ ዛሬ በሦስት ሰዓት፣ ቤታቸው ደጃፍ፣ ስለ ድልድዩ ስለሚያነጋግሩ፣ ድንኳን ውስጥ እንድትገኙ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!"

ሰፈሩ የሰማው፦

"የእድራችን አባል የሆኑት ወይዘሮ ውድነሽ ተክሌ

ዛሬ በሦስት ሰዓት

ድንኳን ውስጥ እንድትገኙ!"

መሀሉን የአይሱዙው ዘፈን በላው። የጎደለውን ሰፈሩ ራሱ ሞላ። ከጥሩምባ በኋላ የሚጎድለውን ቃል ሕፃንም ያውቀዋል።

6

እትዬ ውድነሽ ልብሳቸውን ሊቀይሩ ጓዳ ገብተው ነበር። በመስኮት ብቅ ሲሉ ሰው እንደ ጎርፍ ወደ ደጃቸው ሲመጣ አዩ። ከታችም ከላይም፣ ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ ቲሸርት ለባሹ ሳይቀር። ልባቸው በደስታ ዘለለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ አሉ ለራሳቸው።

ከዚያ ዋይታውን ሰሙ።

ጎረቤታቸው እማማ ሽታዬ ደረታቸውን እየደቁ ከፊት ነበሩ። "ውድዬ! የታች ጨፌ መብራት! ልጆቼን ሁሉ በእጅሽ ተቀብለሽልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ሳልልሽ!"

"ከእንግዲህ ድልድዩን ማን ይጠይቅልናል?" አለ አንድ ጎልማሳ እያነባ። "እኔ እኮ እሷን ነበር የምመርጠው!"

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የእትዬ ውድነሽ አንገት ያን ዕለት ጣራ ነካ። በሩ ኋላ ቆመው አዳመጡ። በሕይወታቸው እንዲህ ተመስግነው አያውቁም። ልውጣ ወይስ ትንሽ ልቆይ ብለው አመነቱ። በዚህ ማንም አይፍረድባቸው።

ወጡ።

"እዚህ አለሁ" አሉ።

እማማ ሽታዬ ጮኸው ወደቁ።

7

በቁም ሰው ልቅሶ ላይ ብትገኙ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ እልል በሉ። ያመጣችሁትን ዳቦ ይዛችሁ አትመለሱ፤ ቁረሱና አብራችሁ ብሉ። ከዚያ እያለቀሳችሁ ያላችሁትን ሁሉ ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ ድገሙላቸው።

ታች ጨፌ ግን ዳቦውን ይዞ ተመለሰ።

"በእንባችን ቅስቀሳ ሠራችብን!" አለ ያ ጎልማሳ።

እማማ ሽታዬ ውኃ ተረጭቶባቸው ሲነቁ እትዬ ውድነሽን ቀና ብለው ለማየት ፈሩ። "ጥሩምባ የተነፋበት ሰው ዓመት አይደፍንም" አሉ። "ዓመት የማትደፍንን ሰው ምን ብለን እንምረጥ?"

ጋሽ ተሰማ ጥሩምባቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው አጥር ስር ተቀመጡ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከጥሩምባ የወጣውንማ ማን ይመልሰዋል?

8

ሰኞ ጠዋት፣ ከአይሱዙው፣ በለስላሳ ዋሽንት ታጅቦ፦

"በተወዳዳሪያችን በወይዘሮ ውድነሽ ተክሌ ድንገተኛ ሕልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለመላው የጨፌ ሕዝብ መጽናናትን እንመኛለን። ቁልፍን ይምረጡ!"

9

እትዬ ውድነሽ መንገዱ መሀል ቆመው መኪናውን አስቆሙ። ከጋቢናው የወረደው የአቶ ልዑልሰገድ ቅስቀሳ አስተባባሪ ናትናኤል ነው።

እትዬ ውድነሽ፦ ልጄ፣ ሞታለች የምትሏት እኔ ነኝ።

ናትናኤል፦ ውይ ማዘር፣ እንኳን ተረፉ! እኛ እኮ ሰምተን ነው። ጥሩምባውን የነፋው የራስዎ ሰው አይደል እንዴ?

እትዬ ውድነሽ፦ ይኸው አየኸኝ። እንግዲያው አስተካክሉት።

ናትናኤል፦ እናስተካክላለን።

እትዬ ውድነሽ፦ መቼ?

ናትናኤል፦ አንዴ ተቀርጿል፤ ስቱዲዮ ድረስ መሄድ ይጠይቃል። ከምርጫው በኋላ እናየዋለን።

እትዬ ውድነሽ፦ እናት የለህም?

ናትናኤል፦ አለችኝ። እሷም ቁልፍን ነው የምትመርጠው።

ዋሽንቱ ቀጠለ። በየመንደሩ፣ በየገበያው፣ እትዬ ውድነሽ በእግራቸው ሊደርሱበት በማይችሉት ቦታ ሁሉ እትዬ ውድነሽ ሞቱ። እሳቸውም ከኋላ ከኋላ እየሄዱ "አለሁ፣ አለሁ" ሲሉ ሰነበቱ።

10

ተሸነፉ።

ሞተዋል ብሎ ያመነው፣ ለሞተ ሰው ድምፅ አይሰጥም አለ። በሕይወት እንዳሉ ያወቀው፣ ሟርተኛ ናት አለ። ቲሸርት ለባሹ ምክንያትም አላስፈለገው። ድምፅ መስጫው ሰልፍ ላይ እትዬ ውድነሽ ሲቆሙ ከፊታቸው ያለው ሰው ዞር ብሎ አያቸውና፣ "ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎን መምረጥ ፈልጌ ነበር፤ ነፍስዎን ይማረው" አለ። ምን ብለው ይመልሱለት? አሜን አሉት።

11

ያሸነፉት አቶ ልዑልሰገድ ስለ ድልድዩ የገቡትን ቃል አልበሉም፤ ረሱት እንጂ። የሰሌዳው ብረት ተፈታታና አይሱዙው ጭኖት ሄደ። ሸራውን ግን ለእድሩ በስጦታ ሰጡ፤ ለዚያም ፎቶ ተነሡ። የእድሩ ድንኳን ቀዳዳ ስለነበረው ሸራው ጣራ ሆነ፤ ሥዕሉ ወደ ውስጥ። አሁን በታች ጨፌ ሐዘንተኛ ቀና ሲል ነጩን ድልድይ ያያል።

12

ነሐሴ።

ጥሩምባ።

ሰፈሩ ሰማ። አንዱ በር ተከፈተና፣ "ደግሞ ምርጫ ደረሰ እንዴ?" አለ። ሌላው ሳቀ። እማማ ሽታዬ ከእሳት ዳር ሳይነሡ፣ "አሁንስ ለማን ሊያስለቅሱን ነው? አንዴ ተሞኝተናል" አሉ። የተከፈተውም በር ተዘጋ።

እትዬ ውድነሽ ነጠላቸውን ለበሱና በጭቃው ወረዱ። ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከሁለቱ ግንዶች አንዱ የለም። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት እናት ብቻዋን ተቀምጣለች። ሲያዩአት አወቋት፤ አሁን ወንዙ የወሰደባትን ልጅ ሲወለድ የተቀበሉት እሳቸው ነበሩ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ወደ ላይ ላለማየት አንገታቸውን ደፉ።

ጋሽ ተሰማ ደጅ ቆመዋል። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ማንም እንዳልመጣ አይተው ጥሩምባውን እንደገና ነፉ፤ አሁን የሚሻማቸው ሞንታርቦ የለም፤ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ለፈፉ። መሀሉንና መጨረሻውን ግን የወንዙ ድምፅ በላው፤ እኔም እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፦

"ስማ! ስማ! የእድራችን አባል የወይዘሮ

…

ድንኳን ውስጥ እንድትገኙ! የሰማህ ላልሰማ…"