ሐይቅ ሥር የጋለበው ንጉሥ

ዕድሜ ልካቸውን ለባለሥልጣን ንግግር ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡት የሥራ አስኪያጃችን የሚስት አባት፣ አንድ ቀን ጠዋት ከረባታቸውን አስረው ቢሯችን ከች አሉ። የቪዲዮ ጨዋታችንን ታሪክ በመጽሐፍ የሚያሰፉት እሳቸው እንደሆኑ ተነገረን። የጨዋታውን ታሪክ አራት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ጨዋታው ሐይቅ ሥር ስለሰጠመች ከተማ ነው። ተጫዋቹ ትንፋሹን ይዞ በጎዳናዎቿ ይዋኛል፤ ግድግዳ እየዳሰሰች የምትሄድ ዓይነ ስውር ንግሥት ትመራዋለች። መጽሐፉ እሷ ብቻዋን ያሳለፈችውን የመጀመሪያ ዓመት እንዲተርክ ነበር የታሰበው። ሽማግሌውን አጠገቤ አስቀምጬ እንዲሞክሩት የጨዋታውን መቆጣጠሪያ ሰጠኋቸው። የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ጠረጴዛው ላይ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ እኔ ቁም ነገር ነው የምጽፈው» አሉ።

በሁለት ወሩ ረቂቁ መጣ። ንግሥቲቱ የለችም። በሷ ፋንታ አንድ ንጉሥ ዘጠኝ ገጽ ሙሉ ንግግር ያደርጋል። ከዚያ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ይጋልባል። ሐይቅ ሥር!

ደወልኩላቸው። «አባባ፣ ፈረሱ በምን ይተነፍሳል?»

«በአፍንጫው ነዋ!» ብለው ሳቁብኝ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ዓይኔን ማየት አቅቶት እስክሪብቶውን ያሽከረክራል።

«እሳቸውን አስቀይሜ ቤቴ በየት በኩል እገባለሁ? በይ እንደምንም አስተካክይው» አለኝ።

ማስተካከል እችል ነበር። ግን ናቅኳቸው፤ ሽማግሌውንም፣ ይሄን ወንድ ተብዬንም። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳልነካ ረቂቁን ማተሚያ ቤት ላክሁትና አንባቢ መሳቂያ እስኪያደርጋቸው ጠበቅሁ።

አንባቢው አበደለት። ወር ሳይሞላ ተጫዋቾቻችን «ንጉሡ የታለ?» እያሉ በመልእክት አጣደፉን። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠርቶ፣ ያለ አንዳች እፍረት፣ ንግሥቲቱ ወጥታ ንጉሡ ይግባ አለ። የንግሥቲቱን ጣቶች ስትስል ስንት ቀን አብራኝ የከረመችው ሠዓሊያችን ከሁሉ ቀድማ ለድጋፍ እጇን አወጣች።

ንግሥቲቱን ማጥፋት የኔ ሥራ ሆነ። ንግግሯን መስመር በመስመር ስሰርዝ ሽማግሌው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» አሉ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው።

ያን ረቂቅ ለሁለት ቀን ዝቅ ብዬ ባርመው ኖሮ እኮ ንግሥቲቱ ትተርፍ ነበር። ያን ጊዜ ከሁለቱም ይልቅ ራሴን ናቅሁ።

በሳምንቱ መልቀቂያዬን አስገባሁ። አሁን የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ እጽፋለሁ፤ እዚህ ታሪክ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።