የተቆረጠው ቁጥቋጦ

የድንጋይ ከሰል ማውጫው ጉድጓድ ከተዘጋ በኋላ ከውስጡ የወጣው የጥራጊ ድንጋይ ክምር ላይ አፈር ተደፋበት፣ ዛፍ ተተከለበት፣ መናፈሻ ሆነ። ጎረቤቴ ዊልፍ ሃላም ወጣትነቱን ከዚያ መሬት ሥር ነው የጨረሰው። አሁን እኔና እሱ ጠዋት ጠዋት ባይኖኩላራችንን አንጠልጥለን ከላዩ ላይ ወፍ እናያለን።

ግንቦት ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ እሾሃማው ቁጥቋጦ ውስጥ ጫጩቶች ፈልፍላ ነበር። አንድ ቀን ስንደርስ የማናውቀው ሰውዬ ትልቅ ካሜራ ደቅኖ ተንበርክኳል። አጠገቡ የአትክልት መቀስ፣ እግሩ ሥር የተቆራረጠ ቅርንጫፍ። ጎጆው ወለል ብሎ ይታያል፤ ጫጩቶቹ ፀሐይ ላይ ያለከልካሉ። እናትየው ምግብ በአፏ ይዛ አጥሩ ላይ ትንቆራጠጣለች፤ መግባት ፈርታለች።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ቀስ በይ የኔ እናት፣ ታስበረግጊያታለሽ።»

ደሜ ፈላ። «እኔ ነኝ የማስበረግጋት? ቤቷን የገፈፍከው አንተ!»

«ሁለት ቅርንጫፍ እኮ ነው! ደሞ መናፈሻው የሕዝብ ነው።»

ዊልፍ መጮህ አያውቅም። ሄደና ካሜራው ፊት ተገተረ። «በል እንግዲህ፣ ጀርባዬን አንሳ» አለው።

ሰውዬው እየተሳደበ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። እኛም ቅርንጫፎቹን በጫማ ክራችን መልሰን አሰርናቸው፤ እጃችን በእሾህ ደማ። ራቅ ብለን ብንጠብቅ እናትየው ገባች። ደስ አለን። በማግስቱ ግን ቅጠሉ ጠውልጎ ነበር፤ ቁራ አይቶት ኖሮ ጎጆውን ባዶ አገኘነው።

ነሐሴ ላይ የመናፈሻው ሻይ ቤት ገባሁ። ያ ሰውዬ ያነሳው የጎጆው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በመናፈሻው የፎቶ ውድድር አንደኛ ሽልማት! አወረድኩት።

«ኖሪን፣ መልሺው! ሰው እያየ!» አለች ኃላፊዋ ቤሪል።

«ይይዋ! እነዚህ ጫጩቶች የት እንዳሉ ታውቂያለሽ? ቁራ ሆድ ውስጥ!»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከፍ አድርጌ ሳሳያቸው ፎቶው አመለጠኝና መስታወቱ ተሰበረ።

ሽልማቱ ተነጠቀ። እኔም እስከ ገና ሻይ ቤቱ እንዳልደርስ ታገድኩ። ቤሪል ስለ መስታወቱ ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቀችው አሉ። ይቅርታ! እሱን!

ዊልፍ ከሻይ ቤቱ ኬክ በናፕኪን ጠቅልሎ ያወጣልኛል። እየሳቀ «ብዪ፣ ንዴት ያስርባል» ይለኛል። እበላለሁ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።