ከስድስት አምስት

«ብላ እንጂ ሉቦ! ለነፍሷ ነው፤ ንፍሮ አይገፋም» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ቬንካ፣ ሳህኑን እስከ አገጩ እያስጠጉ።

ሉቦሚር በስኳር የተለወሰውን የስንዴ ንፍሮ በማንኪያ ጫፍ አነሳ። እናቱ መምህርት ኔቬና ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዳኑብ ዳር ካለችው ከቪዲን ከተማ ግማሹ ሰው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ሲወጣ ሲወርድ ውሏል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከተማውን ልጅ ቋንቋ ያስተማረች ሴት ቀባሪ አታጣም። የመጣው ሁሉ ለሙት እንደሚደረገው አበባውን በጥንድ ይዞ ይገባል፣ «እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» ይላል፣ ብርጭቆ ሳያጋጭ ራኪያ የሚሉትን አረቄ ይጨልጣል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ቀይ እርሳሷ ያወራል።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ኢስክራ ቡናዋን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ የምትሰጥ ሴት ናት፤ ሥራው ያመጣባት ጠባይ ይሆናል።

«ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ምን ይውጠን ይሆን?» አለች።

«ሐሙስ ምን ነበር?»

«አልነገሩህም እንዴ? እናትህ ዳኛችን ነበሩ እኮ! በየጸደዩ ያካባቢያችን ሰዎች የሚጽፉትን ብሎግ እንገመግማለን። መልኩን፣ ቀለሙን፣ አቀማመጡን ካሜን የሚባል የኮምፒውተር ልጅ ያያል። ጽሑፉን እሳቸው። በስክሪን ማንበብ አልወድም ብለው እያሳተሙ፣ ልክ እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ ያርሙታል። ከሁለት እስከ ስድስት ማርክም ይሰጡታል።»

የሉቦሚር ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። «የሁሉንም ሰው ብሎግ?»

«አንባቢ የጠቆመውን ሁሉ። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ነበር።»

«እንግዲያው ያንን ጉድ፣ ያንን ‹ጓድ ነጠላ ሰረዝ› የሚሉትንም አንብባዋለች በሉኛ!» አሉ እትዬ ቬንካ።

ኢስክራ አንገቷን ደፋች። «አንብበውታል።»

ጽሑፉን የማያውቅ አልነበረም፤ አብዛኛውም በየቤቱ ስቆበታል፤ አሁን ግን ሁሉም ብርጭቆውን ያይ ጀመር።

«የጻፈው እጁ ይሰበር!» አሉ እትዬ ቬንካ። «ያቺን የመሰለች ሴት ያገር መሣቂያ ያደረገ፣ በዘሩ ይሣቅበት!»

«አሜን» አለ ቤቱ በሙሉ።

ሉቦሚርም «አሜን» አለ። ከአፉ አመለጠው። በገዛ እርግማኑ ላይ አሜን ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው ማወቅ የሚፈልግ ካለ እሱን ይጠይቅ፤ የጻፈው እሱ ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። ነውር ብዙውን ጊዜ አጀማመሩ እንደዚያ ነው። ሶፊያ ውስጥ ማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ እናቱ እያወራ ባልደረቦቹን ሆዳቸውን እስኪያማቸው ያስቃቸው ነበር። «ለምን አትጽፈውም?» አለው አንዱ። ጻፈው። የጦማሩን መደብ ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ አደረገ፤ ከላይ ደግሞ በእጁ የሣለውን ትልቅ ቀይ ነጠላ ሰረዝ አኖረበት። በድሮው ዘመን ተማሪ አስተማሪውን «ጓድ» ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ስለዚህ እናቱን «ጓድ ነጠላ ሰረዝ» አላት። እናቴ የሚል ቃል አልወጣውም። ራሱንም «ያልታረመ» ብሎ ሰየመ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ሞት ማስታወቂያ ነበር። በየበሩ፣ በየዛፉና በየመብራት ምሰሶው የሚለጠፉትን፣ የሟች ፎቶ ያለባቸውን ወረቀቶች፣ እናቱ ስታልፍ ስታገድም ታርማቸዋለች፤ ይኼ እውነት ነው። «የጎረቤቷ ማስታወቂያ ፊት ረጅም ሰዓት ቆመች» ብሎ ጻፈ፤ «የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ለካ ነጠላ ሰረዝ እየፈለገች ነው።» በሳምንቱ አርባ ሰው አነበበው። በዓመቱ አሥራ ሁለት ሺህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቪዲንም ደረሰ፤ ቪዲን ውስጥ ቀይ እርሳስ ይዞ የሚዞር ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጸሐፊው ማነው ሲባል፣ እናቱ ከክፍል የጣለችው የድሮ ተማሪ ይሆናል ተባለ። ልጇን የጠረጠረ የለም፤ ማንስ እንዲህ ብሎ ያስባል?

ከሦስተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ ሉቦሚር እንቅልፉንም ምግቡንም አጣ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የፈለገው፤ እኔ መሆኔን አውቃ ነበር ወይስ አላወቀችም? እንደ ሰዉ ሁሉ አንድ ቂመኛ ተማሪ ነው ብላ ከሆነ ያለፈችው፣ ሞቷ ንጹሕ ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ ይረሳዋል። አንዱን ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጦማሩን ሊያጠፋው ጣቱን አስጠጋ። ግን ምን ዋጋ አለው? ወረቀቱ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሏል። ሳያጠፋው ዘጋው።

ያስጨነቀው ስለ ባቡሩ የጻፈው ነበር፤ ያንን ካነበበች ጸሐፊውን አትስተውም። ጓድ ነጠላ ሰረዝ ሦስት ማሰሮ በኮምጣጤ የተነከረ በርበሬ፣ ሁለት ማሰሮ ባቄላና አንድ ጎመን ተሸክማ፣ ሳይጠሯት በባቡር ሶፊያ የአንድ ተማሪ ማደሪያ ድረስ ትመጣለች። በሩ ላይ የተለጠፈውን የሽንት ቤት ማስታወቂያ ታርማለች። የክፍሉ ልጆች ይስቃሉ። አራት ቀን አልሄድም ትላለች። ከጻፋቸው ሁሉ ሰው በጣም የወደደው ይኼን ነበር።

ያልጻፈውን ግን እሱና እሷ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ያን ሰሞን ፈተና ወድቆ፣ ስልክ ላይ እንደ ሕፃን አልቅሶባት ነበር። «ሁሉን ትቼ እመጣለሁ» አላት። በማግስቱ ማሰሮዎቿን ይዛ ከች አለች። አራት ቀን ሙሉ፣ ልጆቹ ለትምህርት ሲወጡ አጠገቡ ተቀምጣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አስጠናችው። ልጆቹ ሲመለሱ ደግሞ ስለ ጎመን አሰነጣጠቅ ታወራለች። በእሷ ሳቁ፤ በእሱ የሳቀ የለም። እንደዚያ የፈለገችው እሷ ነበረች፤ ይኼ የገባው ግን ዛሬ ነው።

ባለፈው ፋሲካ፣ ለበዓሉ ቀይ የተቀባ እንቁላል እየላጠች፣ «ሶፊያ ሰዎች ስለ እኔ ሲጠይቁህ ምን ትላቸዋለህ?» ብላው ነበር።

«ምን እላለሁ? ጥሩ ናት እላለሁ።»

«ጥሩ!» ብላ ሳቀች። «ጥሩማ ሾርባም ነው። የኔ ልጅ ሌላ ቅጽል አያጣም።»

ያን ጊዜ አብሯት ሳቀ። አሁን ያቺን ሳቋን ደጋግሞ እያስታወሰ፣ ውስጧ ምን እንደነበረ ለማግኘት ይፈልጋል፤ አያገኝም።

በዘጠነኛው ቀን ከመቃብር ሲመለሱ እትዬ ቬንካ ገበታውን ዘርግተው ነበር። ኢስክራ ቢጫ ማኅደር ይዛ ገባች። እሷን ተከትሎ ፕላመን መጣ፤ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ነጂ ነው፣ በሉቦሚር ዕድሜ ያለ፣ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ። ሁለት ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል።

እትዬ ቬንካ ዳቦውን አልተቀበሉትም። «ምነው ባታመጣው? መጀመሪያ ስሟን አጥፍተህ፣ ከዚያ በዳቦ ልትታረቃት?»

«ምን እያሉ ነው እትዬ ቬንካ?»

«ሰባተኛ ክፍል ላይ ሁለት ዓመት የጣለችህ አንተ አይደለህም? ያልታረመ ነኝ እያልክ የጻፍከው አንተ ነህ! ማን የማያውቅ መስሎህ ነው?»

የፕላመን ጆሮዎች ቀሉ። ዙሪያውን አየ፤ የሚያየው ሰው ሁሉ ዓይኑን ሰበረበት። «እኔ?» አለ። «እኔ እኮ አባቴ ሲሞት ማስታወቂያውን መጻፍ አቅቶኝ የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው። እዚችው ጠረጴዛ ላይ። ‹አባትህ ምን ይወድ ነበር?› አሉኝ። ዓሣ ማጥመድ አልኳቸው። ያቺኑ ቃል አስገቡልኝ። የከተማው ሰው ቆሞ ነበር የሚያነባት። እኔ በየትኛው እጄ ነው እንዲያ አሳምሬ የምጽፈው?»

«ደግሞ ይምላል!»

«አልማልኩም። ነገርኩዎት እንጂ» አለ ፕላመን። ዳቦውን ወንበር ላይ አስቀመጠና፣ ልሂድ ልቀመጥ እያለ በቆመበት ተወዛወዘ።

ሉቦሚር አፉን ከፈተ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጠበቅበት፤ አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ያሳቀ ብዕረኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አቃተው። ከእናቱ ሞት ይልቅ በዚያች ደቂቃ በራሱ ላይ ያየው ነገር አስጠላው።

«ተዉ እንጂ፣ በሙት ገበታ ላይ» አለች ኢስክራ። «ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። ፕላመን፣ ተቀመጥ።» ፕላመንን ሉቦሚር አጠገብ አስቀምጣ ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እንዲያውም ይኼ የዚያው ብሎግ እርማት ነው። የአሥራ ስምንቱን ባለቤቶቹ መጥተው ወሰዱ። ለዚህኛው መልእክት ልከንለት ነበር፤ አልመጣም። የእጅ ጽሑፋቸው ነውና ቤተሰብ ዘንድ ይሁን ብዬ ነው።»

መልእክቱ ደርሶት ነበር። ባንድ እጁ ሳንድዊች ይዞ፣ ሳያነበው ነው የሰረዘው።

ማኅደሩን ከፈተ። የገዛ ጽሑፉ ነው፣ ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ታትሞ፤ በየዳሩ የእናቱ ቀይ ጽሕፈት። ከላይ፣ «መልኩ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ግን ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ዓይን ያደክማል። ነጠላ ሰረዙ ቆንጆ ነው፤ ጅራቱ ይጠር» ይላል። ስለ ሞት ማስታወቂያው ከጻፈው ጎን፣ «ጥሩ አጀማመር። ሳቅሁ።» ቀጥሎ ባለው ገጽ፣ «ሴትየዋ ጉድለት ብቻ ሆነች። እንዲህ ያለ ሰው የለም። አንድ ቦታ እንኳ ልክ ትሁን፤ አለዚያ አንባቢ አያምንህም።»

የባቡሩ ጋ ደረሰ። እዚያ ያሰፈረችው አንድ መስመር ብቻ ነው። «ሴትየዋ ለምን እንደመጣች አልተጻፈም። ጸሐፊው ምክንያቱን ያውቀዋል።»

አወቀች። ገና በጸደይ አውቃ ነበር፤ ፋሲካን አውቃ ነው እንቁላል የላጠችለት። ብትሰድበው፣ ብትረግመው፣ ወረቀቱን ብትቀደው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ልክ እንደ ማንኛውም ተማሪ አርማዋለች፤ አንድም ነጠላ ሰረዝ አላለፈችውም። ሉቦሚር እስከ ጥፍሩ ድረስ አፈረ።

የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ማርኩ ነበር። «ጽሑፍ፦ 5። ስድስት ያልሰጠሁት ሴትየዋ ስላላለቀች ነው። ይቀጥል።» ከሱ በታች ቤተ መጻሕፍቱ በሁሉም ላይ የሚያትማት አንዲት መስመር አለች፦ «እርማቱን አይቻለሁ። የጸሐፊው ሙሉ ስምና ፊርማ።» ባዶ ነበረች።

«ኢስክራ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለ።

እስክሪብቶ ሰጠችው። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፈ፤ ፈረመ። እትዬ ቬንካ ንፍሮውን እያደሉ ነበርና አላዩትም። ኢስክራ አየች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሉቦሚር ወረቀቱን አዙሮ፣ በጣቱ እየገፋ፣ ፕላመን ፊት አደረሰው።

ፕላመን ግራ ገባው። ጣቱን መስመሯ ላይ አሳርፎ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ ተነሥተህ አንብብ ሲባል እንደሚያደርገው፣ ጮክ ብሎ፣ እየቆራረጠ አነበበ።

«እርማቱን… አይቻለሁ። ሉቦሚር… አሴኖቭ… ስታንቼቭ።»

የእትዬ ቬንካ ማንኪያ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ቤቱ ሁሉ ዞረ።

ስሙ ሲጠራ ሉቦሚር ከወንበሩ ተነሣ። እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ተቀመጥ እስኪባል እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆመ። ማንም ተቀመጥ አላለውም።